አንድ ደሞዝ፣ ሁለት ልጅ፣ በየወሩ የሚጎድል 4 ሺህ ብር

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከቦሌ አራብሳ ነው የመጣው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፣ ሰው ሊያውቃት የሚችልበትን ነገርም አውጥቼዋለሁ።

«ሰላም እህት ዓለም። 34 ዓመቴ ነው፣ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው የምኖረው፣ ትልቁ 9 ዓመቱ ነው 3ኛ ክፍል፣ ትንሿ 5 ዓመቷ ኬጂ ናት። መገናኛ አካባቢ አንድ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ ደሞዜ 12 ሺህ ነው ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 8,900 ምናምን። ኪራይ 4,500፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት (ፕራይቬት ነው) 2,400፣ አስቤዛ 3,300፣ ትራንስፖርት 1,200፣ እቁብ 1,000፣ እድር 100፣ መብራት ውሃና የስልክ ካርድ 500። የጎደለውን በሱቅ ዱቤ፣ በቴሌብር ብድርና ከእህቴ እየተበደርኩ ነው የምሞላው። ከልጆቹ አባት ጋር ሳንፈራረም 7 ዓመት አብረን ኖረን ከተለያየን 2 ዓመት ሆነን፣ ሹፌር ነው፣ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል፣ ሲመቸው 1,000 ብር ይልካል ካልመቸው ስልክም አያነሳም፣ ብከሰው ደሞ ጭራሽ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። ልጆቹን ከፕራይቬት ላወጣቸው አስቤ ነበር ግን ሰው ምን ይላል፣ ልጄስ ምን ይሰማዋል። አሁን ደግሞ አከራዬ ከሚቀጥለው ወር 1,500 ጨምሪ አለችኝ። አንዲት ደላላ 40 ሺህ ካመጣሽ ዓረብ አገር እልክሻለሁ ብላኛለች፣ ልጆቹን ደብረ ብርሃን እናቴ ጋር አድርጌ ልሂድ ወይስ እኔ ያላየሁት የመቆጠቢያ መንገድ አለ? እንዴት አብቃቅቼ ልኑር? — የሁለት ልጆች እናት»

እህቴ፣ ቁጥሮቹን እንደጻፍሽልኝ ደመርኳቸው፣ 13 ሺህ ነው። እጅሽ የሚገባው 8,910 ነው፣ የሚጎድለው 4,090 ማለት ነው። አሁን አንድ ነገር ልብ በይ፣ አስቤዛሽ ጠቅላላ 3,300 ነው፣ እና ሦስታችሁም ወሩን ሙሉ እህል ሳትቀምሱ ብትከርሙ ራሱ 790 ብር ይጎድላል። ስለዚህ «እንዴት አብቃቅቼ» የሚለውን ጥያቄ እዚሁ እንተወው። በ3,300 ብር ሦስት ሰው ወር ከወር የምታደርስ ሴት ስለማብቃቃት እኛን ታስተምር እንደሆን እንጂ ከኔ የምትማረው ነገር የለም። ዘይት ቀንሺ፣ ቡና ተዪ፣ ሽንኩርቱን አሳንሺ የሚል ምክር ከሁሉም ሰው ሰምተሽ ይሆናል እኔ አልደግመውም። ቤትሽን የሚጥለው ትናንሹ ወጪ አይደለም፣ ትምህርት ቤቱ ነው፣ እቁቡ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለት ሰው የወለዳቸውን ልጆች አንድ ሰው ብቻ እየከፈለላቸው መሆኑ ነው።

ወደሱ ከመግባቴ በፊት የደሞዝሽን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የደሞዝ ግብር ተቀይሯል፣ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፣ ከዛ በላይ ያለው በየደረጃው ከ15 እስከ 35 ፐርሰንት ነው። ባንቺ 12 ሺህ ላይ ግብሩ 2,250 ይመጣል፣ ጡረታ 7 ፐርሰንት 840 ነው፣ ስለዚህ 8,910 ትክክል ነው፣ ድርጅትሽ በአዲሱ ነው የሚቆርጠው። በድሮው ቢሆን 2,700 ነበር የሚቆረጥብሽ። (ይሄን የምታነቡ ሌሎቻችሁ የደሞዝ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ እዩት፣ አንዳንድ ትንንሽ ድርጅት በድሮው እየቆረጠ ሊሆን ይችላል፣ ጠይቁ።) ሌላው፣ ገንዘብ ያዥ ነሽና በወር መጨረሻ ሂሳብ ልትዘጊ የምታመሺ ከሆነ ትርፍ ሰዓት በአዋጅ 1156/2011 መሠረት እስከ ማታ 4 ሰዓት ድረስ ያለው በአንድ ተኩል ተባዝቶ ነው የሚከፈለው፣ ባንቺ ደሞዝ በወር 10 ሰዓት ካመሸሽ ግብር ሳይነሳለት ወደ 860 ብር አካባቢ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት «ሥራሽ ነው» ብሎ ያልፋል፣ አንቺም ታልፊያለሽ። የምታመሺበትን ቀንና ሰዓት ደብተር ላይ መያዝ ጀምሪ፣ ሲጠየቅ በወሬ ሳይሆን በተጻፈ ነገር ይጠየቃል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ። በወር 2,400 ነው፣ ከጎደለሽ ውስጥ ከግማሽ በላይ ይሄ ነው። ሰው ምን ይላል ብለሻል፣ እሺ ሰው ምን ይላል? የአራብሳን ኮንዶ እኔም አውቀዋለሁ፣ ደረጃው ላይ አንዱ የሌላውን ፌስታል አይቶ ምን እንደገዛ የሚያውቅበት ሰፈር ነው፣ ዩኒፎርም ሲቀየር ሁሉም ያያል፣ ይሄን አላቃልለውም። ግን ያው ጎረቤት የሱቁ ሰውዬ ደብተር ላይ ያለውን ያንቺን ዱቤ አያይም፣ ማታ ስልክሽን ይዘሽ ቴሌብር ላይ ስንት ልበደር ብለሽ ስታሰላስዪ አያይም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከፕራይቬት ወደ መንግስት ያዘዋወረ ወላጅ አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ብሎክሽ ውስጥ ራሱ አሉ፣ አይናገሩም እንጂ።

እና ምን ታገኛለሽ? በአዲስ አበባ የመንግስት ትምህርት ቤት ወርሃዊ ክፍያ የለም። ከተማው ምገባ ከጀመረ ዓመታት ሆኖታል፣ ቁርስና ምሳ እዛው ይበላሉ፣ ኬጂዎቹም ጭምር፣ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣል። ስለዚህ ከ2,400ው በተጨማሪ የሁለት ልጅ የጠዋት ቁርስና ምሳ ዕቃ ከአስቤዛሽ ላይ ይነሳል፣ እኔ በዝቅተኛው 600 ብዬ ያዝኩት፣ ካንቺ አስቤዛ አንፃር ከዛም ሊበልጥ ይችላል። ክረምት ሲዘጋ ግን ቤት ነው የሚበሉት፣ ሐምሌና ነሐሴን ከወዲሁ አስቢባቸው። የትምህርቱ ጥራት የሚለው ላይ አልዋሽሽም፣ ክፍሉ ይበዛል፣ እንግሊዝኛው ከለመደው ያንሳል፣ አስተማሪው የእያንዳንዱን ልጅ ደብተር ላያይ ይችላል። ግን ሥርዓተ ትምህርቱ ያው ነው፣ 6ኛ እና 8ኛ ክፍል ላይ የሚፈተኑት የከተማው ፈተናም አንድ ነው። ለአንድ ልጅ በወር 1,200 ብር የሚያስከፍል ፕራይቬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ግቢው ጠባብ ነው፣ አስተማሪው በየዓመቱ ይቀያየራል፣ የምትከፍዪው ለአጥሩ ቀለምና ለዩኒፎርሙ እስኪመስልሽ ድረስ። (ሁሉም እንደዛ ነው አላልኩም፣ ጥሩዎቹ ግን በዚህ ዋጋ አይገኙም።) ልጁ ማታ ማታ 30 ደቂቃ ካንቺ ጋር ካነበበ ከክፍሉ ብዛት የሚያጣውን አብዛኛውን ይመልሰዋል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፣ መታወቂያ። ተከራይ ነሽና የነዋሪነት መታወቂያሽ የድሮ ወረዳሽ ላይ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ሲመዘገብ፣ ከሸማቾች ማህበር ዘይትና ስኳር ለመግዛት፣ ወረዳ ላይ ምንም ነገር ለማስፈጸም ለሚ ኩራ (አራብሳ ያለበት ክፍለ ከተማ) ላይ ነዋሪ መሆንሽ ይጠየቃል፣ ፋይዳ (ዲጂታሉ ብሔራዊ መታወቂያ) አለኝ ብትዪ አይበቃም፣ እሱ የማንነት እንጂ የነዋሪነት ማስረጃ አይደለም። ከድሮ ወረዳሽ መሸኛ አምጪና አሁኑኑ አዛውሪው። ይሄን ሐምሌ ላይ ልጀምር ብትዪ ሁሉም ወላጅ ያኔ ነው የሚሰለፈው። ሌላ ደግሞ ከመመዝገብሽ በፊት ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደሽ ስንት ሰዓት እንደሚለቀቁ ጠይቂ፣ በእግር የሚደረስ ይሁን፣ ትልቁ ትንሿን ይዞ ከጎረቤት ልጆች ጋር የሚመለስበት ካልሆነ ያተረፍሽው ብር ለሚያመላልስ ሰው ይሄዳል።

እቁቡን ደግሞ እንየው። በወር 1,000 እቁብ ትጥያለሽ፣ በዛው ወር ከሱቅ በዱቤ ትወስጃለሽ፣ ከቴሌብር ትበደሪያለሽ ለሱም ክፍያ አለው፣ የዱቤውም ሱቅ ቢሆን በጥሬ ብር ከሚገዛው ላይ ትንሽ ጨመር እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። ስለዚህ እየቆጠብሽ አይደለም፣ በብድር ብር እቁብ እየጣልሽ ነው። እቁብ ጥሩ ነገር ነው፣ ወር ከወር ትርፍ ላለው ሰው። ላንቺ አሁን አይሆንም። ግን ዝም ብለሽ አትቅሪ፣ ስምሽ ይጠፋል፣ ነገ ያስፈልግሻል። እጣሽ ካልወጣ ዳኛው ጋ ሄደሽ እውነቱን ንገሪው፣ ያለው አማራጭ ሁለት ነው፣ ወይ የሚተካሽ ሰው ፈልገሽ የጣልሽውን ይመልስልሻል፣ ወይ በችግር ምክንያት ቅድሚያ እንዲሰጥሽ አባላቱን ያስለምናል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም በቅድሚያ ብትወስጂ ከዛ በኋላ እስኪያልቅ 1,000ው አይቀርልሽም። እጣሽ አስቀድሞ ከወጣና ከበላሽው ግን በቃ፣ እስከ መጨረሻው መጣል ነው ሌላ ቀልድ የለውም፣ ስትጨርሺ አዲስ ዙር አትግቢ።

ከእቁቡ የተመለሰው ብር ለምን? መጀመሪያ ሱቁን ዝጊ፣ ከዛ ቴሌብሩን፣ እህትሽ የመጨረሻዋ ትሁን። እህትሽን በመጨረሻ ያደረግኩት ስለማትገባት አይደለም፣ ወለድም ጭማሪም ስለማትጠይቅ ነው፣ ግን ደውለሽ «እስከ መስከረም ታገሺኝ» በያት፣ ዝም ያለ ባለዕዳ ዘመድን ይለያያል። እድሩን ግን እንዳትነኪው። 100 ብር ናት፣ ብቻሽን ለምትኖሪ ሰው ክፉ ቀን ቢመጣ ድንኳኑም ሰዉም ያለው እድር ውስጥ ነው። አራጣ የሚያበድር ሰው ሰፈር ውስጥ ካለና «ላግዝሽ» ካለሽም መልሱ አንድ ነው፣ አይሆንም፣ ወንጀል ስለሆነም ብቻ ሳይሆን ከዛ ወጥቶ የሚመለስ ስለሌለ።

እስካሁን ያልነው ትምህርት ቤት 2,400፣ ምግብ 600፣ እቁብ 1,000፣ ድምሩ 4,000 ነው። ከ4,090 ላይ 90 ብር ቀረች (የኪራዩ ጭማሪ ሳይቆጠር፣ እሱን ለብቻው እመጣበታለሁ)። የኦቨርታይሟ ነገር ከተሳካ እሷም ትሸፈናለች። ማለት ምንም ተጨማሪ ገቢ ሳይመጣ ቤትሽ በጭንቅም ቢሆን ይቆማል። ግን ይሄ ማለት ልጆችሽ ትምህርት ቤት ቀይረው፣ አንቺ እቁብ ትተሽ፣ የሁላችሁም ኑሮ ዝቅ ብሎ አንድ ሰው ብቻ ምንም አልቀየረም ማለት ነው። እሱ ደሞ አባታቸው ነው።

«ብከሰው ይጠፋል» አልሽ። እህቴ አሁንስ የት አለ? ስልክ የማያነሳ ሰው አይደል እንዴ? ያለሽ ሲመቸው የምትመጣ 1,000 ብር ናት፣ እሷን ላለማጣት ብለሽ ነው ሌላውን ሁሉ የተውሽው። ሹፌር ነው፣ ተቀጥሮ ነው የሚሠራው፣ ደሞዝ አለው፣ አሠሪ አለው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ የራሱን መኪና የሚነዳና ገቢው የማይታወቅ ቢሆን ኖሮ ሌላ ምክር ነበር የምሰጥሽ።

ሕጉ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992 ነው። አባት ልጆቹን የመቀለብ ግዴታ አለበት፣ ተፈራርማችሁ መጋባታችሁ ወይ አለመጋባታችሁ እዚህ ጋ ለውጥ የለውም፣ ቀለቡ የልጆቹ መብት ነው። «ከሱ ምንም አልፈልግም» ብለሽ ንዴት ላይ ተናግረሽም ከሆነ ያ ያንቺ ነገር ነው፣ በነሱ ስም ልትተይው አትችይም። ስንት ይከፈላል የሚለው ላይ ሰዉ ሲሶ ነው ሩብ ነው ይላል፣ ሕጉ ላይ ቋሚ ፐርሰንት የለም፣ ዳኛው የልጆቹን ፍላጎትና የሱን አቅም አይቶ ነው የሚወስነው፣ ኑሮ ሲቀየር ደግሞ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ፍርድ ቤቱ ከደሞዙ ተቆርጦ እንዲከፈልሽ ለአሠሪው ማዘዝም ይችላል፣ ያኔ ስልክ አነሳ አላነሳ ምን ያገባሻል። እና አንድ በጣም እንድታውቂው የምፈልገው ነገር፣ ቀለብ ሳይጠየቅ ከቆየ ያለፈው ውዝፍ ይቀራል፣ ሕጉ የሚያስቀምጠው ጊዜ 3 ወር ነው፣ ለኑሮ የግድ አስፈላጊ እንደነበር ካላስረዳሽ በቀር። ስለዚህ «ትንሽ ልታገሰው» ያልሽው እያንዳንዱ ወር ከልጆችሽ ላይ የሚቀር ብር ነው።

በቀጥታ ፍርድ ቤት ሂጂ ግን አልልሽም። በመጀመሪያ ሽማግሌ ላኪበት፣ ያውም «እባክህ እርዳት» የሚል ሳይሆን ቁጥር የያዘ። የልጆቹ ወጪ ይሄ ነው፣ ያንተ ድርሻ በወር ይሄን ያህል፣ ደሞዝ በገባ በ5 ቀን ውስጥ፣ በባንክ ብቻ። ከተስማማ በወረቀት ተፈራርማችሁ ፍርድ ቤት አጽድቁት፣ ያልጸደቀ ስምምነት ሦስት ወር ይከፈልና ይረሳል። ሽማግሌዎቹ «ተይው ለልጆችሽ ስትዪ» ካሉሽ እኮ ለልጆቼ ብዬ ነው የመጣሁት በያቸው። ካልተስማማ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት አለ፣ ጠበቃ የግድ አይደለም፣ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፣ ክስ አጻጻፉን ያግዙሻል። ለዳኝነት የሚከፈል ከተጠየቅሽና ከሌለሽ በደሃ ደንብ ማመልከት ይቻላል፣ ለዛም ከወረዳ ማስረጃ ይዘሽ ነው የምትሄጂው፣ (አየሽ መታወቂያው እዚህም መጣ)። የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬት፣ የትምህርት ቤት ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የሚሠራበትን ድርጅት ስም፣ እና እስከዛሬ የላከልሽን 1,000፣ 1,000 ብር የባንክ ወይ የቴሌብር መረጃ አውጪ። ያቺ ትንሽ ብር ራሷ አባትነቱን እንደሚያውቅ ታሳይልሻለች። ሰርተፍኬቱ ላይ የሱ ስም ከሌለም አትደንግጪ፣ እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ መኖራችሁን የሚያውቁ ሰዎች ምስክር ይሆናሉ።

አንድ ነገር ብቻ፣ አልከፈልክም ብለሽ ልጆቹን እንዳትከለክይው። ሊያያቸው ከመጣ ይያቸው። አንደኛ ልጆቹ ናቸው የሚጎዱት፣ ሁለተኛ ፍርድ ቤት ስትቀርቡ ለሱ ምክንያት ትሰጪዋለሽ፣ «አሳይታኝ አታውቅም ለምን እከፍላለሁ» ይላል።

የአከራይሽ 1,500። በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 አለ፣ ሰምተሽው ይሆናል። ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ በጽሑፍ ሆኖ ወረዳ ላይ ይመዘገባል፣ በመሀል እንደፈለጉ መጨመር የለም፣ ጭማሪ ካለ መንግስት በዓመት አንዴ ባወጣው ልክ ብቻ ነው፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። ስለዚህ በወሬ «ከሚቀጥለው ወር 1,500» የሚባል ነገር በሕግ ቦታ የለውም። በተግባር ግን ታውቂዋለሽ፣ ያልተመዘገበ ውል ይዘሽ ከአከራይ ጋር ብትካረሪ «ልጄ ሊገባበት ነው፣ ልሸጠው ነው» የሚል ይመጣል። እኔ የምልሽ መጀመሪያ ውልሽን አውጥተሽ እዪው፣ ተመዝግቦ ከሆነ በትህትና ውሉን አሳያት፣ «እትዬ እኔ መጨመር ጠልቼ አይደለም፣ ወረዳ የወጣውን ልክ እከፍላለሁ» በያት። ካልተመዘገበ ወረዳ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄደሽ መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ግን ከዛ በፊት እሷን አነጋግሪያት፣ በየወሩ ቀን ሳታሳልፊ የምትከፍዪና ቤቱን የምትጠብቂ ተከራይ መሆንሽን እሷም ታውቃለች፣ ብዙ አከራይ 300 እና 400 ላይ ይስማማል። ኪራዩን በእጅ አትስጫት፣ በባንክ አስገቢ፣ ደረሰኙ ነው የነገ ማስረጃሽ።

አሁን ዓረብ አገሩ። አይሆንም ነው መልሴ፣ ለሁሉም ሰው ሳይሆን ላንቺ። ሄደው ቤት የሠሩ፣ ወንድም እህት ያስተማሩ ሴቶች አሉ፣ እነሱን አልንቅም። ግን ያንቺን ሂሳብ እንየው፣ 40 ሺህ ብር የምታመጪው ከየት ነው? ከአራጣ ወይ ከዘመድ። ያውም ለደላላ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 መሠረት ቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን የሚችለው አሠሪው ነው፣ ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለውን ብቻ ነው፣ ስምሪቱም በደላላ ሳይሆን ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ወይ በመንግስት በኩል ነው። «40 ሺህ አምጪ» ያለችሽ ሴትዮ እንግዲህ ምን እየሸጠችልሽ እንደሆነ አስቢው። ከሄድሽ በኋላ ደግሞ ውሉ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፣ ትንሿ 7 ዓመት ሞልቷት ታገኛታለሽ፣ እናትሽ በስተርጅና ሁለት ልጅ ያሳድጋሉ፣ አንቺ ደሞ በእጅሽ ያለውን ጡረታ ያለውን ሥራ ትተሻል። 90 ብር ለጎደለው ቤት ይሄን ሁሉ አትከፍዪም። የጎደለው 4,090 ሲመስልሽ ነበር እኮ ሐሳቡ የመጣው።

አስቤዛው ላይ ብዙ አልልም ብያለሁ። የእሁድ ገበያ በአብዛኛው ከሱቅ ይሻላል፣ ጤፉን ከማሽላ ወይ ከሩዝ መቀየጥ ታውቂበታለሽ፣ ዱቤው ሲዘጋ ደግሞ በጥሬ ብር ስለምትገዢ ራሱ ይቀንሳል። መብራት ላይ ምጣዱን አንዴ አሙቀሽ የሳምንቱን ጋግሪ፣ ታሪፉ ከ2017 ጀምሮ በየጊዜው እየጨመረ ነው የሚሄደው፣ በወር ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ለሚጠቀም ነው ዋጋው የሚረክሰው። «የጎን ሥራ ጀምሪ» የሚሉሽን ሰዎች ለጊዜው አትስሚያቸው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ማታ 1 ሰዓት ቤት የምትገባ እናት ላይ ሌላ ሥራ መጫን ምክር አይደለም፣ በብድር የሚጀመር ንግድ ደግሞ ጭራሽ።

ልጅሽን በተመለከተ፣ 9 ዓመት ትንሽ አይደለም። ዕቃ ሲጠፋ፣ አንቺ ሳትበዪ «በልቻለሁ» ስትዪ፣ ያያል። ትምህርት ቤት መቀየሩን መስከረም ጠዋት ላይ አትንገሪው፣ አሁን ንገሪው፣ «አባትህ ስላልላከ ነው» ሳትዪ፣ «ብራችን ለዚህኛው አይበቃም፣ እዛኛው ቁርስና ምሳም አለ፣ እህትህንም አንተ ነህ ይዘሃት የምትሄደው» በይው። ሊያለቅስ ይችላል፣ ጓደኞቹን ነው የሚያጣው፣ ይልቀስ። ቅዳሜ አንዱን ጓደኛውን ቤት ጥሪለት። ዝም ብሎ የሚያለቅሰውን ልጅ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የምትል አክስት ካለች ደሞ በዛን ቀን ባትመጣ ጥሩ ነው።

እና የዚህ ወር ሥራሽ፣ በዚህ ሳምንት መሸኛውን ጠይቂ፣ የእቁቡን ዳኛ አግኚው፣ ለልጆቹ አባት የሚላኩትን ሁለት ሰው ምረጪ። ከሁለቱ አንዱ እሱ የሚያፍረው ሰው ይሁን፣ የነፍስ አባቱ ወይ ታላቅ ወንድሙ። ከፕራይቬቱ ትምህርት ቤት ጋር ደግሞ የሰኔን ሳትከፍዪ አትለያዪ፣ ዕዳ ካለብሽ መልቀቂያውንና የልጁን ካርድ ይይዙብሻል፣ ያለ መልቀቂያ የመንግስቱም አይመዘግበውም። የሰኔውን 2,400 ከእቁቡ ከሚመለሰው ላይ ከሱቁም በፊት አስቀምጪው።